የአቶ ሳዳሞ ባዶ ጋጣ

የእናንተ ያልሆነ ነገር ግቢያችሁ ውስጥ ስለቆመ ብቻ በስማችሁ ተቆጥሮባችሁ ያውቃል? እኔ ላይ ባለፈው ሳምንት ደረሰ። ከቀበሌ የተላከች አንዲት ወጣት መዝጋቢ ስልኳን ይዛ በሬን አንኳኳች። ትሑት ልጅ ናት። የቤቱን ክፍሎች፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ፣ የውሃውን ቧንቧ እያየች ስትመዘግብ ቆየችና ጥግ ላይ የቆመችውን ሰማያዊ ባጃጅ አየች። «የጎረቤቴ ናት፤ እሱ አጥር ስለሌለው እኔ ግቢ ያሳድራታል» አልኳት። «ግቢው የእርስዎ ነው አይደል፣ አባባ?» አለችኝ። «ነው።» «ባጃጇም ግቢው ውስጥ ናት።» «ናት፤ ግን…» «እንግዲያው ‘አለ’ ነው የምለው፤ ቅጹ ለሌላ መልስ ቦታ የለውም» ብላ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች። ከሄደች በኋላ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ስነጫነጭ ባለቤቴ ሰማችኝ። «ባለ ባጃጅ ከሆንክማ እስቲ አንድ ቀን አንሸራሽረኝ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔን ግን ያናደደችኝ ባጃጇ አልነበረችም። ያናደደኝ ይኸው ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ፣ በላም ተጠይቆ ማየቴ ነው። ሰው ስንት ዘመን አንድ ጥያቄ እያጣመመ ይጠይቃል?

ያን ጊዜ ሶዶ ሌላ ነበረች። መንገዱ ድንጋይ አልተነጠፈበትም። ዳሞታ ተራራ ራሱን በደመና ከተከናነበ ዝናቡ አይቀርም፤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው ቀይ ጭቃም ጫማ ከእግር እየነጠቀ ያስቀር ነበር። ስለዚህ በክረምት መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም ኮንጎ ጫማ ያደርጋል። የቆዳ ጫማው በላስቲክ ተጠቅልሎ በብብት ይያዝና ቢሮ በር ላይ ይቀየራል። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ሻይ በስሙኒ፣ ቦንቦሊኖም በዚያው ዋጋ ነበር፤ ዛሬ የቦንቦሊኖ ዋጋ ስሰማ ሳልበላ እጠግባለሁ። ከሻይ ቤቷ በስተቀኝ ያለው ካሴት ሻጭ የመዘምራን መዝሙር ይለቃል፣ በስተግራ ያለው የወላይትኛ ጭፈራ። እኔ መሀል ተቀምጬ የአረካን ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ እግሬ ይዘምራል፣ አንዱ ይጨፍራል። ከሰልባጅ ተራ የገዛኋት ግራጫ ኮት ነበረችኝ። እጅጌዋ ሁልጊዜ ጠመኔ እንደነካው ነው፤ ለእኔ ግን የሚኒስትር ኮት ነበረች። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት ተለውጦ፣ ልጆች በወላይትኛ መማር ጀምረው፣ ስብሰባና ግምገማ እንደ ቁርስና ምሳ የሆነበት ዘመን ነው፤ በቃ።

አዲስ መምህር ነበርኩ። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ማስረዳት ደግሞ ከምግብ ይበልጥብኝ ነበር። አንድ ፕሮጀክት ወደ ቀበሌያችን መጥቶ ለአነስተኛ ገበሬዎች የእርሻ አያያዝ የሚያስተምር፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሰው ሲፈልግ ጥያቄው ሳያልቅ እጄን አወጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበሬዎቹ በልጆቻቸው ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ። እኔ ሰሌዳው ላይ ቤት እስላለሁ፤ ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ቀጥሎ ቦሎቄና ስኳር ድንች፣ ታች በቆሎ። በየትኛው ወር ምን ይደርሳል? ከመጋቢት እስከ ሰኔ ጓዳው የሚራቆተው ለምንድን ነው? ፍጉ ሁሉ ለእንሰቱ ብቻ ከሆነ የታችኛው ማሳ ምን ይብላ? እንዲህ እንዲህ እያልን ወራቱን እንከፋፍላለን። ትምህርቱን ለጨረሰ፣ መኖ ለተከለ፣ ጋጣ ላዘጋጀና ከብት ለሌለው ገበሬ ፕሮጀክቱ አንዲት ጊደር ይሰጣል። ጊደሯ አድጋ ስትወልድ የመጀመሪያዋ ሴት ጥጃ ለሚቀጥለው ተረኛ ትተላለፋለች። ትምህርቱና ድጋፉ ተያይዘው የሚሄዱበት መንገድ ይህ ነበር፤ ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። ወረቀት ላይ!

ከተማሪዎቼ ሁሉ የምትበልጠው አመረች ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ታምሩን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። እኔ «እትዬ» እላታለሁ፤ እሷ «መምህር» እያለች ታሾፍብኛለች። ሌሎቹ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብለው ሄደው እንደነበሩ ይቀጥላሉ። አመረች ግን ዝም ብላ ትሄድና በሳምንቱ ጎራ ስል ያስተማርኩት ሁሉ መሬት ላይ ወርዶ አገኘዋለሁ። በእርከኑ ዳር ደሾ ሣር ተክላ፣ ሣሩ እንደ ሹሩባ ተራ በተራ ቆሞ ነበር። ቆሜ የደሾን ጥቅም እንደገና ላብራራላት ስጀምር፣

«መምህር፣ ይሄን ያህል ስታስረዳ ጉሮሮህ አይደርቅም?» አለችኝ።

«ገብቶሽ እንደሆነ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እኔማ ገብቶኛል። አንተ ነህ መግባቱን የማታምን።»

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለዚህ የቀረው አይያዝም። በእኛ አገር በአንድ ሰው ጋጣ ውስጥ የቆመ ላም ሁሉ የዚያ ሰው አይደለም። ከብት የበዛለት ሰው ለሌለው ሰው ላም ይሰጣል፤ ይህን ሃራ እንለዋለን። አሳዳሪው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ያልባል፤ ወተቱና እበቱም የእሱ ነው። ጥጃው ግን የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱም በፈለገ ቀን ገመዷን ፈትቶ ላሟን ይወስዳል። ስምምነቱ በሁለት ሰው ቃል ብቻ የቆመ ነው፤ ምስክር አይጠራበትም። ባለቤቱ ሀብቱ እንዲወራበት አይፈልግም፤ አሳዳሪውም «የሰው ላም ነው የማበላው» እያለ አይዞርም። መንደሩ ሁሉንም ያውቃል፣ አውቆም ዝም ይላል። አመረች ጋጣ ውስጥ የነበረችው ቡሬ የምትባል ላም የአቶ ሳዳሞ ነበረች። አቶ ሳዳሞ ጠና ያሉ፣ ባለ ኮፍያ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። በየመንደሩ፣ እስከ ሁምቦ ቆላ ድረስ ያስቀመጡት ከብት ነበራቸው። የራሳቸው ጋጣ ግን ባዶ ነበር። ባዶ ብቻ አይደለም፣ ተጠርጎ የሚያበራ ነበር። ትምህርቴ ላይ የሚገኙት ሻይና ዳቦ በሚታደልበት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከፊት ወንበር አይጠፉም።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ፍስሐ ይባላል፤ ባለብዙ ኪስ ሰደርያ የሚለብስ የአዲስ አበባ ልጅ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መመሪያ የሚወድ ሰው ነበር። ጊደር የሚሰጣቸው ሰዎች በሚመረጡበት ቀን ማን ከብት እንዳለው በዓይኑ ለማየት ቤት ለቤት ዞረ። እኔ አስተረጉማለሁ፤ የቀበሌው ኮሚቴ ከኋላችን ይከተላል። አመረች ቤት ስንደርስ ቡሬ ጋጣው ውስጥ ቆማ ደሾዋን ታመነዥካለች።

«ላም አለቻት» አለ ፍስሐ።

«ይህች ላም እንኳ…» ብዬ ጀመርኩ።

«መምህር፣ አንተ አስተርጉም። የሷ ናት ወይ? ጠይቃት።»

ጠየቅኳት። አፌ እየጠየቀ ዓይኔ ይለምናት ነበር። አመረች የቡሬን ጀርባ መታ መታ አደረገችና «እዚሁ ናት፤ እያያችኋት አይደል?» አለች።

«ምን አለች?»

«እዚሁ ናት አለች።»

«አየህ!» አለና ፍስሐ ወደሚቀጥለው ቤት አመራ።

የሚቀጥለው ቤት የአቶ ሳዳሞ ነበር። እሳቸው አስተርጓሚም አላስፈለጋቸውም። «ላም የለኝም፣ ጌታዬ» አሉ በአማርኛ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። «ግባ፣ እይ። እበት እንኳን የለውም። ይሄን ሁሉ ዓመት ለፍቼ አንድ ጭራ የለኝም!» የኮሚቴው ሰዎች መሬት መሬት አዩ። አንደኛው ሳል ያዘው። ፍስሐ ባዶውን ጋጣ በሐዘኔታ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። ላሞቻቸው በየሰው ቤት የቆሙላቸው የመንደሩ ሀብታም፣ ጋጣው ባዶ ስለሆነ ከሁሉ ድሃ ሆነው ተገኙ።

መንገድ ላይ ፍስሐን ክንዱን ይዤ አቆምኩት። በእንጨት መሬቱን እየጫርኩ፣ ቤቶቹን እየሳልኩ፣ ከጋጣ ጋጣ ቀስት እያሰመርኩ ሃራ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ይህን አልክደውም። «ገብቶኛል» አለ። «ግን መምህር፣ አንተ ስላልከኝ ብጽፍ ነገ ሁሉም ‘ላሟ የኔ አይደለችም’ ይለኛል። እሷ ራሷ በኮሚቴው ፊት ትናገር፤ ያን ጊዜ እቀበላለሁ።» ምን ይባላል? ሮጬ ወደ አመረች ተመለስኩ።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እትዬ። ‘ላሟ የአቶ ሳዳሞ ናት’ በይ፤ በቃ።»

«ካልኩ በኋላስ?»

«ጊደር ይሰጥሻል። የራስሽ! ጥጃዋ የምትወጣልሽ፣ ማንም መጥቶ ገመዷን የማይፈታብሽ።»

«መቼ?»

«ፈቃዱ ከዋናው ቢሮ እንደመጣ።»

«አቶ ሳዳሞ ግን ቡሬን የሚወስዱት ዛሬውኑ ነው። ከዛሬ እስከ ፈቃዱ ድረስ ታምሩ ያንተን ጠመኔ ይጠጣ?»

ጀርባዬን ሰጥቻት ወጣሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም። በእሷ ተናደድኩ፣ በፍስሐ ተናደድኩ፣ ሳል በያዘው የኮሚቴ ሰው ተናደድኩ። ያን ቀን እስከ ዋናው መንገድ በእግሬ ስወርድ ድንጋይ ሁሉ በኮንጎዬ እየመታሁ ነበር።

የርክክቡ ቀን ደረሰ። የፕሮጀክቱ ስም ያለበት ቲሸርትና ኮፍያ ታደለ። አሁንም አልፎ አልፎ ገጠር ስሄድ ያ ቲሸርት ቀለሙ ለቅቆ፣ አንገቱ ሰፍቶ ሰው ለብሶት አያለሁ፤ ከፕሮጀክቱ ረጅም ዕድሜ የኖረ እሱ ነው። ጊደሯ አንገቷ ላይ ሪባን፣ ጆሮዋ ላይ ቢጫ የላስቲክ ምልክት ተደርጎላት ለአቶ ሳዳሞ ተሰጠች፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። በሳምንቱ አመረች ቤት ጎራ ስል ከቡሬ ጎን የቆመችው ማን ትመስላችኋለች? ጊደሯ! ሪባኑ የለም፤ ቢጫውም ተነቅሎ ጆሮዋ ላይ ቀዳዳው ቀርቷል።

«ይህቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«አቶ ሳዳሞ ናቸው። ‘ሣርም አለሽ፣ ጋጣም አለሽ፤ ያዢልኝ’ አሉኝ።»

«አንቺስ እሺ አልሽ?»

«ሣር ትከሉ ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ? ሣር ያለበት ቤት ላም ይመጣል» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጊደሯ የምትገባት ሴት ጊደሯን እያበላች ነው፤ የማትገባቸው ሰው ደግሞ ጥጃዋን እየጠበቁ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሆን ተብሎ ቢታቀድ እንኳ እንዲህ አይሳካም። ከጊዜ በኋላ ለፕሮጀክቱ ገንዘቡን የሚሰጡት እንግዶች በነጭ መኪና መጡ። ጊደሯን ማየት ስላለባቸው ኮሚቴው በአቶ ሳዳሞ ባዶ ጋጣ በኩል አሳልፎ ቀጥ አድርጎ አመረች ጋ ወሰዳቸው። አመረችን ከጊደሯ ጎን አቁመው ፎቶ አነሷት። «ሕይወቷ ተለውጦ እንደሆነ ጠይቅልን» አሉኝ። «ሥራ በዛብኝ በላቸው» አለችኝ። ቃል በቃል አስተረጎምኩ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና በጣም ደስ አላቸው፤ ፕሮጀክቱ ሥራ ፈጠረ ማለት ነዋ!

ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ጊደሯ ላም ሆና ወለደች፤ ጥጃዋም ሴት ሆነች። ለአመረች የቁርጥ ቀን ይህ ነበር። በፕሮጀክቱ ደንብ ጥጃዋ ለተረኛው ገበሬ ትሄዳለች፤ በሃራ ልማድ ደግሞ የአቶ ሳዳሞ ናት። ከሁለቱም ለአመረች የሚተርፋት የለም። በዚያ ላይ ጥጃዋ ለተረኛው ሄዳ ጠብ ከተነሳ አቶ ሳዳሞ ሁለቱንም ላም ነቅለው መውሰዳቸው አይቀርም። ወተቱም ፍጉም አብሮ ይሄዳል፤ ያ እንደ ሹሩባ የተተከለ ደሾም የሚበላው ያጣል። የርክክቡ ስብሰባ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተጠራ። ፍስሐ ሰደርያውን ለብሶ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ ለትርጉም ቆምኩ። ሽማግሌዎች ከፊት፣ አመረች ከሴቶቹ ጋር ከኋላ።

«አቶ ሳዳሞ፣ የወሰዷት ጊደር ወልዳለች ተብሏል። ጥጃዋን መቼ ነው የሚያስረክቡት?» አለ ፍስሐ።

አቶ ሳዳሞ ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «ያቺ ጊደር? ያቺማ ገደል ገብታ ሞተች። አምና ነው። ሐዘኑ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ፍስሐ ወደ እኔ ዞረ። እኔም መታገስ አቃተኝ። «ታዲያ በአመረች ጋጣ ውስጥ ያለችው፣ ጆሮዋ የተበሳው ላም የማን ናት?» ብዬ በሁለቱም ቋንቋ ጠየቅኩ።

«የአመረች ናት!» አሉ አቶ ሳዳሞ ሳያመነቱ። «ቤቷ ያለ ላም የሷ አይደለም እንዴ? እናንተ ራሳችሁ ገብታችሁ አይታችሁ ‘ላም አላት’ ብላችሁ የለ? ፎቶስ አላነሳችሁም? ይኸው ሽማግሌ ቁጭ ብሏል፤ የአመረች ናት።»

የሁሉም አንገት ወደ ኋላ ዞረ። ሁላችንም አመረች እንደ ልማዷ ዝም እንደምትል ጠብቀናል። አቶ ሳዳሞም በዚሁ ነበር የተማመኑት። ነገሩ ሲበርድ ላሟም ጥጃዋም በዝምታ የእሳቸው ሆነው ይቀጥላሉ። አመረች ነጠላዋን አጥብቃ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ፣ ፊቷን ወደ ሽማግሌዎቹ አድርጋ ተናገረች።

«ሰምታችኋል አይደል? አቶ ሳዳሞ በራሳቸው አፍ የአመረች ናት አሉ። እሺ፤ የኔ ናት። የኔ ከሆነች ደንቡን የምፈጽመው እኔ ነኝ፤ ጥጃዋን ለተረኛው ዛሬ አስረክባለሁ። ቡሬ ግን የሳቸው ናት። ድሮም የሳቸው ነበረች። እኔ ሳበላት ኖርኩ እንጂ የኔ ሆና አታውቅም። ማንም እንዳይደክም ራሴ ነድቼ ደጃቸው አደርሳታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ሴቶቹ እልልታቸውን በነጠላቸው አፈኑት። አቶ ሳዳሞ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። ምን ይበሉ? ላሟ የእኔ ናት ካሉ የሞተችው ጊደር ተነሳች፤ ዝም ካሉ ላሟ ሄደች። ፍስሐ ክንዴን ጎተተ። «ምን አለች? ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጫጫታ?» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረዳት ታከተኝ። «ላሟ የኔ ናት፣ ጥጃዋን አስረክባለሁ አለች» አልኩት። ፊቱ በራ። «በጣም ጥሩ! ከፎቶውም ጋር ይሄዳል» አለ።

አመረች እንደ ቃሏ ቡሬን ያን ቀን ነድታ የአቶ ሳዳሞ ደጅ ላይ አሰረቻት፤ ያ የሚያበራ ጋጣ ከስንት ዘመን በኋላ እበት አየ። አቶ ሳዳሞ በኋላ ሌላኛዋን ላም ለማስመለስ ወደ አመረች ሽማግሌ ሊልኩ ሞክረው ነበር። ሽማግሌዎቹም «በአፍህ ያልከውን እኛ ነን የሰማነው» ብለው መለሷቸው። ጆሮዋ የተበሳው ላም አመረች ዘንድ ቀረች። ጥጃዋ ግን በዚያው ቀን ስትሄድ እናቲቱ ስትጮህ አመረችም ጀርባዋን ሰጥታ ስታለቅስ አይቻለሁ። የራሷ ላም የመጀመሪያ ጥጃ ነበረችና። ቀጣዮቹ ጥጆች ግን እዚያው ጋጣ ውስጥ አደጉ።

እኔ ግን አሁንም አልበረደልኝም ነበር። በሌላ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ አስቁሜ ጠየቅኳት፤ «ይህን ሁሉ መናገር ትችዪ ኖሯል። ያኔ ገና ስንመርጥ ስለምን ዝም አልሽ?»

«ያኔ መቼ ጠየቃችሁኝ?»

«ኧረ እኔ ራሴ ጠይቄሻለሁ!»

«ጋጣውን ነው የጠየቃችሁት። ‘ላሟ ያንቺ ናት?’ ስትለኝ አይደለችም ብል ሰው አዋረድኩ፤ ላሟንም አጣሁ። ‘ስትወልድ ጥጃውን የሚወስደው ማን ነው?’ ብትለኝ እኮ እነግርህ ነበር። ገና ባልተወለደ ጥጃ ማንም አይቆጣም።»

ከዚያ ወዲህ በቅዳሜ ትምህርቴ ሌላ አልጠየቅኩም። «ጥጃውን የሚወስደው ማን ነው?» እላለሁ፤ ገበሬዎቹም እየሳቁ ይነግሩኛል፤ ፍስሐም ሳይወድ በግዱ ጥያቄውን ተቀበለ። እንደዚያ የቀለለ ነገር ያን ያህል መከራ አሳይቶን ነበር። ዛሬ ይኸው በዚህ ዘመን፣ በዚያች መዝጋቢ ልጅ ስልክ ውስጥ፣ ጋጣው ዳግመኛ እየተጠየቀ ነው። ነገ ቀበሌ ሄጄ አቤት እላለሁ፤ ባለቤቴ «ልታስረዳቸው ነው? እግዜር ይርዳቸው» ትለኛለች።

እናንተም አንድ ቀን ሞክሩት። ሰው ለመርዳት፣ ለማስተማር ወይም ለመመዝገብ ስትሄዱ ደጁ ላይ የቆመውን አትቁጠሩ። ባጃጅ ከሆነ ማታ ገቢውን የሚቀበለው ማን እንደሆነ፣ ማሳ ከሆነ ምርቱ ወደ ማን ጓዳ እንደሚገባ፣ ላም ከሆነ ጥጃውን ማን እንደሚወስድ ጠይቁ። ከዚያ አታስረዱ። አፋችሁን ዘግታችሁ ጠብቁ፤ እኔ ለመልመድ ዕድሜዬን የፈጀብኝ ይኸኛው ነው።